አሮጌዋ ዴል ነፍስ እስክትዘራ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ጅማ በክረምት እንዲህ ናት። ከቤት መውጣት ስለሌለ ሲንከባለል የቆየውን ሥራ ዛሬ ጀመርኩት።

ኮምፒውተሯ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ናት፣ ትልቁ ኬዝ። ፕሮሰሰሯ ኮር አይ5-3470 ነው፤ ኢንቴል ያወጣው በ2012 ነው። (የዕቃዎቹን ዓመት የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።) ራሟ 8 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኳ 500 ጊጋባይት፣ የግራፊክስ ካርዷ ጂቲ 730 ባለ 2 ጊጋባይት። ሞኒተሩ ባለ 20 ኢንች ነው፤ ቪጂኤ ከሚባለው ከድሮው የሥዕል መሰኪያ ሌላ የለውም። ይህን የሞኒተር ነገር አስታውሱልኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት ከአንድ ቢሮ ተሸጣ ስትወጣ ገዛኋት። ካርዱን በኋላ ጨመርኩበት። ታናሽ ወንድሜ ኳስ ጌም የለመደው በእሷ ላይ ነው። ዘንድሮ 11ኛ ክፍልን ጨርሷል። የሚመጣው ዓመት የፈተና ዓመት ስለሆነ አብረን እንደ ልብ የምንጫወትበት ክረምት ይህ ነው። ስለዚህ ለዚህ ክረምት መድረስ አለባት።

ዕቁብ ደርሶኝ ለቤት የሚሆነውን ካወጣሁ በኋላ 25,000 ብር ቀርቶኛል። በዚህ ብር አዲስ የጌም ኮምፒውተር መግዛት አይታሰብም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ያለችውን ማደስ ነው የሚያዋጣው።

ምንም ከመግዛቴ በፊት ግን ለካሁ። ስልኬን እንደ ሰዓት ይዤ ወንድሜ በደብተር ጻፈ። ማብሪያው ተነክቶ ዴስክቶፑ በደንብ እስኪሠራ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። ጂቲኤ 5 የሚባለው ጌም ተከፍቶ ሰውየው መንገድ ላይ መራመድ እስኪጀምር 4 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ። ጌሙ ውስጥ፣ ሁሉም ነገር ዝቅተኛው ላይ ሆኖ፣ በሰከንድ ከ24 እስከ 28 ፍሬም (ተከታትለው የሚታዩ ሥዕሎች፤ ሲበዙ ጌሙ አይቆራረጥም)። መኪና በፍጥነት ሲነዳ 12 ድረስ ይወርዳል። የፕሮሰሰሩ ሙቀት 91 ዲግሪ። እነዚህ ቁጥሮች ናቸው ፍርድ የሚሰጡት። ገንዘብ ያወጣ ሰው ዓይኑ የተሻለ ነገር ለማየት ይቸኩላል፤ ደብተር ግን አይቸኩልም።

እሁድ፣ ሐምሌ 6

እማዬ በርጩማዋን አዋሰችኝ። ያቺን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። ኮምፒውተሯን በጎኗ አስተኝቼ ክዳኗን ከፈትኩ።

የጅማ አቧራ ብቻውን አቧራ አይደለም። ከእርጥበቱ ጋር ተጋግሮ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ክንፎች እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኗቸዋል። በጣቴ ስነካው ተገምሶ ወጣ። በንጹሕ የቀለም ብሩሽ አራገፍኩት፤ የቀረውን በሳይክል መንፊያ ነፋሁት። ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት። አለዚያ በንፋሱ ከልክ በላይ ይሽከረከርና ሊጎዳ ይችላል።

ማቀዝቀዣው የተያዘው በአራት ብሎን ነው። በመስቀልኛ ነው የሚፈቱት፤ አንዱን ጥግ ትንሽ፣ ከዚያ ተቃራኒውን ትንሽ። ሲነሳ ከሥሩ ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል። ይህ ፔስት የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ድልድይ ነው። ሲደርቅ ድልድዩ ይፈርሳል። አሮጌውን በአልኮል ጠርጌ አዲሱን መሀል ላይ አንዲት የሽምብራ ፍሬ የምታህል አደረግሁ። ብሎኖቹን እንደገና በመስቀልኛ አጠበቅሁ። ፔስቱ 350 ብር።

የማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ) ባትሪም ቀየርኩ፤ ያቺን የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ሲአር2032። በ100 ብር። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ሰበቡ ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ሙቀቱ ከ91 ወደ 66 ወረደ። እንደ ወፍጮ ይጮህ የነበረው ፋን ጸጥ አለ። እማዬ ከጓዳ መጥታ «ጠፋች እንዴ?» አለች። የፍሬሙ ቁጥር ግን ፈቀቅ አላለም፤ ያው ከ24 እስከ 28 ነው። ይህንንም ወንድሜ ጻፈው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ወንድሜ «ካርዱን ግዛ፣ ሌላው ይደርሳል» ይላል። አብዛኛው ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሚያንቃት ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

የትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን ከፍቼ ስትነሳ ጀምሮ ተመለከትኩ። ፕሮሰሰሩ 20 እና 30 በመቶ ላይ ተዝናንቶ ተቀምጧል። ራሙ ግማሽ አልሞላም። ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ተለጥፎ አልወርድ አለ። ከሁሉ የሚገርመው በሰከንድ የሚያነበው 1 እና 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለው። አንድ ትልቅ ፋይል በተርታ ሲያነብ የእኔው 100 ሜጋባይት ይደርሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይጠራል። ጊዜው የሚያልቀው ክንዱ ሲመላለስ ነው።

ማታ ቡና ላይ ለእማዬ ሳስረዳት እንዲህ አልኳት፤ ሃርድ ዲስኩ ጎተራ ነው፣ ራሙ ምድጃው አጠገብ ያለው ሰፌድ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ወጥ ሠሪዋ ናት። ወጥ ሠሪዋ ጎበዝ ናት፣ ሰፌዱም አለ። እህሉን ከጎተራ የሚያመላልሰው ልጅ ነው እግሩ የከበደው። «እና ልጁን መቀየር ነዋ» አለች። አዎ፣ ልጁን መቀየር ነው።

ጌሙ ውስጥ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ 99 በመቶ ላይ የሚለጠፈው ካርዱ ነው። ስለዚህ ሁለት በሽታ ነው ያለባት። የመነሳትና የመክፈት በሽታዋ ዲስኩ፣ የፍሬም በሽታዋ ካርዱ። አንዱን ስናክም ሌላው ይድናል ብለን መጠበቅ የለብንም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

የሐሙስ ገበያ ቀን ስለሆነ የጅማው ገበያ ሂርማታ ሰው በሰው ነው። ባጃጁ ከጅማው መርካቶ ወዲያ አላልፍ ስላለ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ባለ 256 ጊጋባይት ሳታ ኤስኤስዲ በ4,200 ብር ገዛሁ፤ የሚሽከረከር ሳህንም ክንድም የሌለው ዲስክ ነው፣ ሳታ የሚሰካበት የመሰኪያ ዓይነት ነው። እሽጉ ያልተከፈተ ነው።

እሁድ፣ ሐምሌ 13

ዊንዶውሱን ከነፋይሉ ወደ ኤስኤስዲው መገልበጥ ጀመርኩ። 500 ጊጋባይቱ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ 256 ላይ ስለማይገባ አስቀድሜ የሠርግ ቪዲዮዎቹንና ፊልሞቹን እዚያው አሮጌው ዲስክ ላይ ወዳለ ሌላ ክፍል (ፓርቲሽን) አወረድኩ።

62 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።

ለአፍታ ደነገጥኩ። ነገር ግን ግልበጣ ከአሮጌው ዲስክ ያነባል እንጂ እዚያ ላይ አይጽፍም። የተበላሸው አዲሱ ላይ የተጀመረው ብቻ ነው፤ እሱም ሊደገም ይችላል። ፋይል በመቁረጥና በመለጠፍ እያዛወርኩ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። መብራት በሚጫወትበት ከተማ ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ማጥፋት። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። እንደ አዲስ ጀምሬ አመሻሹ ላይ አለቀ።

አንድ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር። የዚህች ማዘርቦርድ የሳታ መሰኪያዎች እኩል አይደሉም። ሙሉ ፍጥነቱን፣ በሰከንድ 6 ጊጋቢት የሚባለውን፣ የሚሰጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በግማሹ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ ሳላስተውል የሲዲ ማጫወቻው የነበረበት ላይ ሰካሁትና 270 ሜጋባይት አካባቢ አነበበ። ወደ ቁጥር 0 መሰኪያ ሳዛውረው 520 ገባ።

ደብተሩ አሁን እንዲህ ይላል። ለመነሳት 26 ሰከንድ። ጂቲኤ 5 ለመክፈት 1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ። ፍሬም ያው ከ24 እስከ 28። መኪና ሲነዳ ግን 12 መውረዱ ቀርቶ ዝቅተኛው 19 ሆነ። የመንገዱ ሥዕል ከዲስክ እስኪመጣ ትቆም የነበረችው አሁን ቶሎ ስለሚደርስላት ነው። ወንድሜ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ አበራት። ስትነሳ ማየቱን ነው የወደደው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

አሁን የካርድ ጉዳይ። እዚህ ላይ የሚወስነው ኪሴ ብቻ አይደለም፤ ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይዋም ነው። የዴል የራሱ ነው፣ 275 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል። ለካርድ የሚሆን ባለ ስድስት ፒን ገመድ የለውም። ስለዚህ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ነው፤ እሱም ከ75 ዋት አይበልጥም።

ፕሮሰሰሩ እስከ 77 ዋት። ካርዱ 75። ለማዘርቦርድ፣ ለዲስኮች፣ ለፋኖች 40 ብንል ከ200 አይዘልም። ትንፋሽ አለው። ጂቲኤክስ 1060 የሚባለው ካርድ ግን 120 ዋት ነው፣ ገመዱንም ይጠይቃል። ያንን ለመግዛት ፓወር ሰፕላይም መቀየር ሊኖርብኝ ነው። ፒኑን በመለወጫ ከሌላ ገመድ ጠልፎ የሚሰካ ሰው አይቻለሁ። እኔ አላደርገውም። ቤታችን የጭቃ ነው፣ ሌሊት ሰው ይተኛበታል።

ስለዚህ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋባይት። በ2016 የወጣ ነው። 768 ኮር (ሥዕሉን የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች) አለው፣ ልክ 75 ዋት ነው፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም። ከእኔ ጂቲ 730 ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት ማህደረ ትውስታው ላይ ነው። የእኔው ዲዲአር3 ሆኖ በሰከንድ 14.4 ጊጋባይት ያሳልፋል። 1050 ቲአዩ 112። ጠባብ የመንደር መንገድና አስፋልት ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው። ሌላ ሰው ከዚህ ቢማርበት ደስ ይለኛል።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው 1050 ቲአይ በ9,000 ብር አወጣ። ጅማ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባው ዋጋ በ4,500 ያንሳል። ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ሞኒተርህ የድሮ ነው? ይሄ እኮ ቪጂኤ አለው፣ ምንም መለወጫ አያስፈልግህም» አለኝ። ደስ አለኝ። ልክ ለእኔ የተሠራ መሰለኝ።

መንገድ ላይ ሳስበው ነገሩ ቅር አለኝ። 1050 ቲአይ የተሠራበት የፓስካል ትውልድ የአናሎግ ምልክት፣ የድሮውን ዓይነት የሥዕል ምልክት፣ ማውጣቱን ትቶታል። ቪጂኤ ደግሞ አናሎግ ነው። ታዲያ ይህ ቪጂኤ ከየት መጣ?

ደርሼ ካርዱን በእጄ ይዤ አየሁት። ፋኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው። ከሥሩ ያለው ብረት ግን የደከመ ነው፤ ብሎኖቹ አፋቸው ተበልቷል፣ ብዙ ጊዜ የተፈቱ ናቸው። ጎኑ ላይ ባለ ስድስት ፒን መሰኪያ አለው። ጀርባው ላይ ያቺ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ። የካርድን እውነተኛ ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ ስለነበር «ይፈቀድልኝና ልሞክረው» አልኩ። ሰውየው አልከለከለም፤ ራሱ ሰካልኝ።

ዊንዶውሱ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ብሎ አነበበው። ጂፒዩ-ዚ ግን ከስሙ ፊት «ሐሰተኛ» የሚለውን ቃል በቅንፍ አስቀመጠ። ቺፑ ጂኤፍ116፣ ኮሩ 192። ይህ በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነው። ባዮሱ ውስጥ፣ ካርዱ ስሙን የሚናገርበት በውስጡ የተጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ላይ፣ ስሙ ተቀይሮ ነው። የካርዱን ቺፕ የሠራው ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማሻሻል ያቆመው በ2018 ነው። የሚበላው ኃይልም 116 ዋት ስለሆነ ለእኔ ፓወር ሰፕላይ አይሆንም።

ስክሪኑን አዞርኩለት። ዝም ብሎ አየው። እሱም በስሙ አምኖ እንደገዛው ከፊቱ ገባኝ። ጂፒዩ-ዚውን ለእሱም ገለበጥኩለት። አልተጣላንም። ወደ ቤት ስመለስ ግን ሆዴ ተላወሰ፤ ፕሮግራሙን ባልይዝ ኖሮ ዘጠኝ ሺህ ብሩ አዌቱ ወንዝ እንደገባ ይቆጠር ነበር።

አዲስ አበባ ላለው ጓደኛዬ ደወልኩ። እውነተኛውን በ13,500 እንዲገዛልኝ፣ እዚያው ቆሞ በጂፒዩ-ዚ እንዲያይልኝ፣ ቪጂኤ ያለውን እንዳይነካ አደራ አልኩት። አንድ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራምም ጨመርኩ፣ በ2,200።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ካርዱ እስኪመጣ የኮምፒውተሯን ባዮስ፣ ስትበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ፕሮግራም፣ ላድስ አልኩ። የዴሏ ባዮስ በጣም አሮጌ ነው፤ ለ7010 የመጨረሻው ኤ29 ነው። አሮጌ ባዮስ ከአዲስ ካርድ ጋር አንዳንዴ አይግባባም።

ባዮስ በሚታደስበት ሰዓት መብራት ከሄደ ግን ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ይህ እንደ ዲስኩ የሚደገም ነገር አይደለም። ጎረቤታችን ያሉት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋሼ ዩፒኤሳቸውን፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ፣ ለአንድ ሰዓት አዋሱኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቀስ በል» አሉኝ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ዩፒኤሱን ከአንድ ጀበና ቡና ጋር መለስኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ዕቃው ከአዲስ አበባ በሹፌር ተልኮ መጣ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። መነኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። የማድረሻ 200 ብር።

ካርዱን ዛሬ አልሰካሁትም። ወንድሜ ተቆጣ፤ ቢሆንም ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ሰክተን ካልሠራ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አናውቅም። ዛሬ ራሙ ብቻ።

ሰካሁት። ማብሪያው ነጭ መሆኑ ቀርቶ ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም አለ። ሥዕል የለም። አውጥቼ የራሙን የወርቅ ጥርሶች በመብራት አየኋቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ቦርሳው ነጭ ላጲስ አመጣ። ጥርሶቹን በላጲሱ በቀስታ ፈተግሁ፣ ፍርፋሪውን አራገፍኩ፣ መልሼ ሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ተጫንኩ። ነጭ በራ።

ሁለቱን ራሞች ያስቀመጥኳቸው ነጭ መያዣ ባላቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ማዘርቦርዱ ሁለት መስመር አለው። አንድ ራም ብቻውን ሲሆን በአንዱ መስመር ብቻ ይሠራል። ሁለት ሆነው በትክክለኛው ቦታ ሲገቡ በሁለቱም መስመር ይጓዛሉ። የጂቲኤ ዝቅተኛ ፍሬም ከ19 ወደ 21 ወጣ። ትልቅ አይደለም፤ ጥቅሙ የሚታየው ካርዱ ሲቀየር ነው ብዬ እጠብቃለሁ።

አርብ፣ ሐምሌ 25

ካርዱ ገባ። ልክ ተስማማ፤ አንድ ፋን ያለው አጭር ነው። ጀርባውን ስናየው የሥዕል መሰኪያዎቹ አንድ ኤችዲኤምአይ፣ አንድ ዲስፕሌይ ፖርት፣ አንድ ዲቪአይ። ቪጂኤ የለም። ትክክለኛነቱ የታየኝም፣ አዲስ ችግር የመጣብኝም በዚሁ ነው።

ቤት ውስጥ የነበረ ዲቪአይን ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ነጭ መሰኪያ አለኝ። ልሰካው ስል አልገባም አለ። በስልክ መብራት ተጠግቼ አየሁት። መሰኪያው ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ምላስ አለች፤ ዙሪያዋን አራት ቀጫጭን ፒኖች ቆመዋል። ካርዱ ላይ ግን ለምላሷ ብቻ ነው ቀዳዳ ያለው። ለአራቱ ፒኖች የለም። እነዚያ አራት ፒኖች ናቸው የአናሎጉን ምልክት የሚያሳልፉት። ካርዱ አናሎግ ስለማያወጣ ቦታቸው ተደፍኗል። ፒኖቹን በጉጠት ነቅለው የሚሰኩ ሰዎች አሉ ይባላል። ቢገባም ሥዕል አይመጣም፤ የሚያልፍ ምልክት የለማ።

የሚያስፈልገው ውስጡ ቺፕ ያለው፣ ዲጂታሉን ራሱ ወደ አናሎግ የሚቀይር መለወጫ ነው። ፈረንጅ አራዳ ካለ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር በ700 ብር አገኘሁ። በዝናብ ሮጬ ሄጄ በዝናብ ሮጬ ተመለስኩ።

ሥዕል መጣ። ድራይቨሩን ጫንኩ። ጂፒዩ-ዚ 768 ኮር አለ፣ ከስሙ ፊትም ምንም የለም።

ጂቲኤ 5ን ከፈትን። ወንድሜ ሁሉንም ከ«ዝቅተኛ» ወደ «ከፍተኛ» ወሰደው፣ የሥዕሉ መጠን 1600 በ900 ሆኖ። ተራራው ላይ ወጥቶ ቆመ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ውሃው ላይ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በፊት ያ ውሃ ግራጫ ወለል ብቻ ነበር። «እዚህ ሣር ነበር እንዴ?» አለኝ። ስድስት ዓመት የተጫወተበት ቦታ ነው። ምንም አልመለስኩለትም። እኔም ሣሩን እያየሁ ነበር።

ፍሬም ከ52 እስከ 60። መሀል ከተማ 46።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

3,750 ብር ቀርቶኛል። የአዲስ አበባው ጓደኛዬ «ትንሽ ጨምርና አይ7-3770 ፕሮሰሰር ልላክልህ» ይላል። መሰኪያው አንድ ነው፣ ዋቱም አንድ ነው፣ 77። አራት ኮር ሆኖ እንደ ስምንት ይሠራል። የሚያጓጓ ነው።

ታስክ ማኔጀሩን ደግሜ አየሁ። ካርዱ 95 እና ከዚያ በላይ። ፕሮሰሰሩ 75 አካባቢ፤ መሀል ከተማ ላይ ብቻ 95 ይነካል። የጂቲኤ 5 ሠሪዎች ለዚህ ጌም ይመከራል ብለው በስም የጻፉት የኢንቴል ፕሮሰሰር ደግሞ ይኸው አይ5-3470 ነው። ለአንድ መሀል ከተማ ብዬ ያለኝን ሁሉ አላወጣም። አዳዲስና ከባድ ጌሞችን የሚፈልግ ሰው አይ7ቱን ቢገዛ አልፈርድበትም። እኛ ግን ኳስና ጂቲኤ ነው የምንጫወተው።

ይልቅ ሰሞኑን በቴስተር ቤታችን ያለውን ቮልቴጅ ስለካ ሰንብቻለሁ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲያበራ 178። እኩለ ሌሊት 241። ለ178ቱ የዴል ፓወር ሰፕላይ ግድ የለውም፤ ከ100 እስከ 240 የሚሠራ ነው። የሚያስፈራኝ መብራት ሄዶ ሲመለስ በዚያች ቅጽበት የሚመጣው ነው። የሰፈራችን ስንት ቴሌቪዥን የተቃጠለው በዚያች ቅጽበት ነው።

3,500 ብር አውጥቼ ስታቢላይዘር ገዛሁ። መብራት ሲመለስ ወዲያው አይለቅም፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ ሲረጋጋ ነው የሚያስተላልፈው። ዩፒኤስ ይሻል ነበር፤ ድንገት ሲጠፋ ጊዜ ይሰጣል። በቀረኝ ብር ግን አልደረስኩበትም። ፍሬም አይጨምርም፣ ውሃውንም አያስጌጥም። እኔ ግን ከገዛሁት ሁሉ ልቤን ያሳረፈው እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ከሐምሌ 5 ጋር የሚወዳደር ልኬት፣ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ደብተር። ለመነሳት 24 ሰከንድ። ጂቲኤ 5 ለመክፈት 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። ፍሬም ከ52 እስከ 60፣ በከፍተኛ ሥዕል። የፕሮሰሰር ሙቀት 68፤ ካርዱ ሲሠራ ኬዙ ውስጥ ትንሽ ስለሚሞቅ ሁለት ዲግሪ ጨምሯል። ወጪ 24,750። ተመላሽ 250 ብር።

አንድ ያልተቋጨ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የዚህን ትውልድ ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውሱ የነበረበት ክፍል ባዶውን ስለቀረ እሱ ላይ ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሥርዓት፣ ጭኜ ልሞክር ነው፤ ዋናው ኤስኤስዲ ሳይነካ።

ጂቲ 730ውን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋሼ ልጅ ሰጠሁት። ቪጂኤ ስላለው ሞኒተሩ ላይ ያለ ምንም መለወጫ ገጠመለት።

ማታ እማዬ ቡና ልታፈላ በርጩማዋን ፈለገች። ኮምፒውተሯ አሁንም እዚያው ላይ ነች። ወለሉ በክረምት እርጥብ ነው፤ መሬት ላይ አላስቀምጣትም። ጓሮ ካለው ጣውላ ሁለት ቆርጬ ከብሎኬት ላይ ደልድዬ አስቀመጥኳት። ወንድሜ በርጩማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወደ ጓዳ ወሰደላት። ደመናው እየጠቆረ ስለነበር ከመመለሱ በፊት ስታቢላይዘሩን ከግድግዳው ነቀልኩት።